ተዝካሩ የወጣለት በቅሎ

ልጅ እያለሁ ሞቶ ተዝካሩ የወጣለት በቅሎ ተነሥቶ ሲሄድ በዐይኔ አይቻለሁ። ይህን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው "ቲቸር ዛሬ ደክሟታል" ይሉኛል። ደክሞኛልም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የጠመኔ ብናኝ ስምግ ውዬ ቤቴ ስገባ ልጄ ሶልያና ስልኬን ትቀማኝና ሶፋው ላይ ትጠቀለላለች። የምታየው ካርቱን ነው። አንዱ ሲያልቅ ክፍል ሁለቱ፣ እሱ ሲያልቅ ክፍል ሦስቱ ራሱ ይከፈታል። መጠበቅ የለም፤ ማልቀስም የለም። በቀደም እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ አንድ የማውቀው ጆሮ አየሁ። ረጅም፣ ጫፉ የተሸረፈ የበቅሎ ጆሮ። ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያደግሁት ንፋስ መውጫ ነው። ዘጠናዎቹ ሊገባደዱ አካባቢ፣ እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። ውስጡ የጄኔሬተር ጭስ፣ የተቆላ ሽምብራና የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ፊልሙ ይቆማል፤ ዝናቡ ሲያባራ ካቆመበት ይቀጥላል። ሴት ልጅ እዚያ ገባች ከተባለ ስሟ ይነሣል። እኔ ግን ሰበብ ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ አስማማው ገና ሰባት ዓመቱ ነውና እሱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እናቴ ይህን ሰበብ ታምን ነበር ወይስ እያወቀች ዝም ትል ነበር፣ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ቪዲዮ ቤቱን ቪዲዮ ቤት ያደረገው ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ዲያቆን ፈንታ ነበር። ዲያቆን ፈንታ ድጓ ሊማር ቤተ ልሔም ወርዶ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ጉሮሮውን ያመመው ለዜማ ብቻ መሆን አለበት፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱላውን ተደግፎ ከቆመ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድምፁ ሳይሰበር ፊልሙን ይተረጉምልን ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። ግን አንድም ቀን "እዚህ ላይ ምን እንዳለ አልገባኝም" ብሎ አያውቅም። ሕንዱም ቻይናውም በዲያቆን ፈንታ አፍ የእኛው አገር የጋይንት ሰው ነበር።

የበቅሎውን ፊልም መጀመሪያ ያየነው ከአባታችን ጋር ነው። አባታችን ዳኘው ግንበኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠራን ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን "ዛሬ እስኪ የእናንተን ፊልም እኔም ልየው" አለና ከፊታችን ቀድሞ ገባ። ሥዕል ፊልም መሆኑን ሲያይ ሣቀ። አንድ ሽማግሌ በቅሎ በበረዷማ ተራራ ላይ የሰው ጭነት ሲያመላልስ ይኖራል። አንድ ቀን እናቷ የሞተችባት የፈረስ ውርንጭላ መንገድ ላይ ያገኛል፤ ጭነቱን አራግፎ ይጥልና ውርንጭላዋን ወደ መንጋዋ ሊያደርስ ይነሣል። ፊልሙ በሙሉ መንገድ ነው። ዘፈን የለበትም፤ ቀለሙም ደብዘዝ ያለ፣ የክረምት ማለዳ ዐይነት ነው። ዲያቆን ፈንታ በቅሎውን ዳማ አለው፤ በረዶውን "የጉና ውርጭ" እያለ ተረጎመልን፤ እኛም ብርዱን እናውቀዋለንና ተቀበልነው።

አባቴ ፊልሙን አላመነውም ነበር። "ጭነቱን አጋድለውበታል! እንዲህ ጭነው ነው ዳገት የሚያስወጡት?" እያለ ያጉረመርማል፤ ከኋላችን የተቀመጡ ባላገሮችም "እውነትህን ነው፣ ጀርባውን ይገጥበዋል" ይሉታል። መጨረሻ ላይ ዳማ ውርንጭላዋን ወንዝ ካሻገረ በኋላ ዳር ላይ ተኛ። በረዶው ቀስ እያለ ሸፈነው፤ ጫፉ የተሸረፈው ጆሮው ብቻ ቀረ። ዲያቆን ፈንታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገና "ነፍስ ይማር" አለ። አንድ ሽማግሌ "አንተ ዲያቆን፣ እንስሳ ደመ ነፍስ እንጂ የሚማር ነፍስ አለው እንዴ?" ብለው ቆጡት። ባርኔጣቸውን ግን አውልቀው ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ አስማማው እየተነፋረቀ አባቴን "ለምን ሞተ?" አለው። "ሰውን ቤቱ አድርሶ ሞተ፤ ደግ አሟሟት ነው" አለና ትከሻው ላይ አወጣው።

በማግስቱ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን ለዳማ ተዝካር አወጣን። ማን እንዳሰበው አላስታውስም፤ እኛ ግን ሰው ሲሞት የሚደረገውን እናውቃለን፣ ሌላ ምን እናድርግለት? ቆሎ ተቆላ፣ ውኃ በጣሳ ተቀድቶ ጠላ ሆነ። አስማማው የእናቴን ነጠላ እንደ ቄስ ጠምጥሞ፣ እንጨት ተደግፎ፣ "ነፍሰ ዳማ ወልደ በቅሎ" እያለ ፈታው። ሴቶቹ ደረት መታን። ስንስቅ ይሁን ስናለቅስ እንጃ። በመሐል እናቴ ከጓሮ ብቅ አለችና የምናደርገውን አይታ ፊቷ ዐመድ ሆነ። "ሟርተኞች! ሰው ባልሞተበት ቤት ደጅ ተዝካር ታወጣላችሁ?" ብላ ጣሳውን በእግሯ በታተነችው። አባቴ ከቤት ወጥቶ "ተያቸው፣ ልጅ ያየውን ነው የሚጫወት" አላት። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስታማትብ ዋለች።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የግንብ ሥራ አልነበረም። አባቴ ከሰፈር ሰዎች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። ለኅዳር ጽዮን እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ጽዮን አለፈች፤ ገና አለፈ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በራችን ላይ ቆሙ፤ ከመሐላቸው ከአባቴ ጋር የወረደው ጎረቤታችን ነበረ። እናቴ ገና ስታያቸው ጮኸች። መርዶ እንደዚያ ነው፤ አፍ ሳይከፈት ይሰማል። ወባ ነው አሉ። በጭነት መኪና ወደ ሕክምና ወሰዱት፤ ጎረቤታችን ከሌሎቹ ጋር ወደ ሌላ እርሻ ተዛወረ፤ ኋላ ሲጠይቅ "ተቀበረ" ተባለ። መቃብሩን ያየ ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

አስማማው በለቅሶው አላለቀሰም። እንግዳው ሁሉ "ምስኪን፣ አልገባውም" ይላል። ገብቶት ነበር፤ ከእኛ ይልቅ ገብቶት ነበር። አንድ ቀን ከጓሮ ጠራኝና "እታለም፣ በዚያ በተዝካሩ ጨዋታ ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም አልሁት። በወባ ነው አልሁት። "እማ ሟርት ነው ብላለች። የፈታሁት ደግሞ እኔ ነኝ" አለኝ። ከዚያ በኋላ የእናቴን ነጠላ መንካት ተወ፤ አቀብላት ስትለው እንኳ እኔን ይጠራል። የሰባት ዓመት ልጅ አባቱን የገደለ መስሎት እየኖረ ነበር።

ጾሙ ስለ ገባ የአባቴ ተዝካር ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ። እናቴ ገብሱን አብቅላ፣ ጌሾውን ገዝታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ የነፍስ አባታችንን ቀን አስቆርጣ ጨረሰች። ልክ በዚያ ሰሞን ነው ቪዲዮ ቤቱ ደጅ ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ "ዳማ አልሞተም! ክፍል ሁለት" ተብሎ ተጽፎበት ያየነው። አስማማው ፊደሉን እየቆጠረ አነበበና እጄን ያዘኝ።

እውነቱን ለመናገር ክፍል ሁለት የረባ ፊልም አልነበረም። ያኔም አውቄው ነበር፤ አሁንም ያው ነው። ደብዛዛው ቀለም ጠፍቶ ሁሉም ነገር እንደ ከረሜላ ልጣጭ ያብረቀርቃል። ዳማ ወፍሯል፤ ድምፁም ሌላ ሰው ሆኗል። በየደቂቃው ይዘፍናሉ። ውርንጭላዋ ወንዙ ዳር ቆማ ስታለቅስ ዳማ ከማዶ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እየጨፈረ ብቅ አለ። እንዴት ተረፈ? ማን አወጣው? ፊልሙ አይናገርም። ዲያቆን ፈንታ "ዳማም ተነሣ!" ብሎ ከመጮኹ ያኔም የቆጡት ሽማግሌ "አፍህን ያዝ! በትንሣኤ ሰሞን በእንስሳ አትቀልድ" አሉት። ሕዝቡ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ አጨበጨበ።

ጉዱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ዳማ ውርንጭላዋን ወደ ቤቱ ሲወስዳት ከጋጣው ሚስቱ ወጣች። እሷም በቅሎ ናት። ከኋላዋ ሦስት ትንንሽ በቅሎዎች "አባባ" እያሉ እየዘለሉ መጡ። ከዚያ አንዱ ባላገር "በቅሎ ወለደ!" ብሎ ሲጮኽ ቤቱ በሣቅ ፈነዳ። ያፏጫል፣ አግዳሚውን ይመታል፣ "ከመነሣቱ መውለዱ!" ይላል። ዲያቆን ፈንታ ፊልሙን ሊያድን "የእኅቱ ልጆች ናቸው፣ እሱ አጎታቸው ነው" አለ። "እኅቱስ በቅሎ አይደለችም እንዴ?" አሉት። ሞቶ መነሣቱን ዋጥ ያደረገ ሕዝብ የበቅሎ መውለድ አንቆት ቀረ። ግማሹ ሳይጨርስ ወጣ። እንዲህ ያለውን ፊልም የሠራው ሰው በቅሎ የሚባል ነገር በዐይኑ አላየም ተብሎ ተፈረደ።

አስማማው ሣቁን አልሰማም። ፊቱን ዞሬ ሳየው እንባው እየወረደ ፈገግ ብሏል። ከመርዶው ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥቶ ሮጠ፤ እኔም ተከተልሁት።

እናቴ ደጃፍ ላይ ጌሾ እየለቀመች ነበር። ፊቷ ቆመና ትንፋሹ እየተቆራረጠ "እማ፣ ተዝካሩን አታውጪው" አላት። ቀና ብላ አየችው። "ዳማ አልሞተም። ተዝካሩን አውጥተንለት ነበር እኮ፤ ግን መጣ። ከማዶ መጣ። አባዬም የሞተው በክፍል አንድ ነው። ክፍል ሁለት አለ፣ እማ!" እናቴ እኔን አየችኝ። "ፊልም ነው" አልሁ ቀስ ብዬ። "ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ቢመጣ ምን እንለዋለን? አውጥተን ጨርሰናል እንለዋለን?" አለ አስማማው። እናቴ አልቆጣችውም፤ ሟርትም አላለች። ጌሾውን ከጭኗ አራገፈችና ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዳ ቀኑን አስተላለፈችው። ለጎረቤት "ብቅሉ አልደረሰልኝም" አለች። ብቅሉ ግን ደርሶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ እንደ ነበር እኔ ራሴ አውቃለሁ፤ ወፍጮ ቤት የወሰድሁት እኔ ነኝ። ጥቂት ቀን እንዲሁ ሆነች። የመኪና ጥሩንባ በሰማች ቁጥር እጇ ከሥራ ላይ ይቆማል። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቤቱ በጥንስስ ሽታ ተሞልቶ አገኘነው። ምክንያቱን አልነገረችንም።

ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ ፈቱ፣ ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ሄደ። አስማማው አልቀመሰም። ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ሲያይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መናኸሪያው ላይ ይቆማል፤ ከጎንደር በኩል የመጣ አውቶቡስ ሰው እስኪያራግፍ ይጠብቅና ይመጣል። ክረምት ገባ፤ ቀኑን እየዘለለ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ጨርሶ ተወው፤ መቼ እንደ ተወው ግን ማናችንም ልብ አላልነውም። "ሟርት" የሚለውን ቃል ግን እናቴ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ውስጥ አልተናገረችውም፤ አስማማውም ነጠላዋን ማቀበል ጀመረ።

አሁን አስማማው በዚያው መንገድ ላይ ሚኒባስ ይነዳል። እኔ ደብረ ታቦር አስተምራለሁ። በተገናኘን ቁጥር ይህ የበቅሎ ነገር ሳይነሣ አንለያይም። እኔ ክፍል አንድ ይበልጣል እላለሁ፤ ሥዕሉን፣ ዝምታውን፣ የመንገዱን ርዝመት እየቆጠርሁ እከራከረዋለሁ፣ መምህር አይደለሁ? እሱ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። "በሞት የሚያልቅ ምን ፊልም ይባላል? ሁለተኛው ነው ፊልም" ይላል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው ይህ ክርክር። እንዲህ ያለ የማያልቅ ነገር ሰውን ያደክማል፤ እኔንም አድክሞኛል።

በቀደም እሑድ እንግዲህ፣ ነጠላዬን እንደ ለበስሁ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ፣ ሶልያና የምታየው ይህንኑ ክፍል ሁለትን ነበር። እናቴ ጉልበቷ እንቢ ካላት ወዲህ ከእኔ ጋር ናት፤ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስልኩን አየት አደረገችና፣ "አሁን ከማዶ ይመጣል" አለች።

መጣ። ከጭጋጉ ውስጥ እየጨፈረ ብቅ አለ።

"እማ፣ ይኼን የት አየሽው?" አልኋት። እናቴ በሕይወቷ ቪዲዮ ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም ብዬ መማል እችል ነበር።

"የት አየው ነበር? እዚያው ነዋ" አለች ዐይኗን ከምስሩ ሳታነሣ። "ልጁ ያን ቃል ከተናገረ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እንጃ፣ ሰው ሲቸግረው... ረቡዕ ቀን ሰው በሌለበት ሄጄ ፈንታን ክፈትልኝ አልሁት። ልተርጉምልዎ አለኝ። አትተርጉምልኝ፣ ዐይኔ ይበቃኛል አልሁት። ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት።"

"እና?"

"እና ሲነሣ አመንሁት።" እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። "መቃብሩን ያየ ሰው የለ! ለምን አላምንም? ተዝካሩን ልተው፣ ልጠብቀው ቆርጬ ነበር። ከዚያ ያ በቅሎ ወለደ። በቅሎ ሲወልድ ሳይ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ውሸት መሆኑን አወቅሁት። ቤቴ ገባሁና ጠላዬን ጠነሰስሁ።"

ሶልያና ከስልኩ ቀና ብላ "እማማ፣ በቅሎ አይወልድም እንዴ?" አለቻት። ልጄ በቅሎ አይታ አታውቅም። እኛ ውሸቱን ከእውነቱ የምንለይበት ነገር ደጃችን ላይ ቆሞ ሣር ይግጥ ነበር፤ ለእሷ ግን መነሣቱም መውለዱም አንድ ነው፤ ሁሉም ያምራል። እናቴ ራሷን ዳሰሰቻትና "አይወልድም፣ የኔ ልጅ" አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለአስማማው ማየቴን እንዳትነግሪው፤ እሱ ያመነበት ፊልም ነው።"

አልነገርሁትም። ማክሰኞ ዕለት ከመናኸሪያ ደወለልኝ፤ ሰው እስኪሞላለት እየጠበቀ ነበር። ሶልያና የዳማን ፊልም አገኘችው አልሁት። ሣቀና "የትኛውን ወደደችው?" አለኝ።

"ሁለተኛውን" አልሁት።

"አላልሁሽም? አንቺስ?"

የተማሪዎቼ ደብተር ፊቴ ተከምሯል፤ ከስልኩ ውስጥ ረዳቱ "ጋይንት! ጋይንት!" እያለ ሲጣራ ይሰማኛል።

"እኔም ሁለተኛውን" አልሁት።